የኦሊምፒክ የሴቶች ጥንድ ሜዳ ቴኒስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር የሜዳ ቴኒሱ ወሬ ሁሉ በነጠላ ጨዋታ ላይ ያርፋል። የሴቶች ጥንድ ብዙ ጊዜ ትንሹ ሜዳ ይደርሰዋል፤ ተመልካቹም ዘግይቶ ነው የሚያስታውሰው። ውጤቱን አስቀድሞ መገመት ከሚያስቸግሩ ውድድሮች አንዱ ግን እሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከተመልካቾች ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከግራንድ ስላም የሴቶች ጥንድ በምን ይለያል?

ከሁሉ በላይ በባንዲራ ነው። ግራንድ ስላም በሚባሉት በዓመቱ አራት ታላላቅ ውድድሮች (የአውስትራሊያ ኦፕን፣ የፈረንሳይ ኦፕን፣ ዊምብልደንና የአሜሪካ ኦፕን) አንዲት ተጫዋች አጣማሪዋን ከየትኛውም አገር መምረጥ ትችላለች። የአንዷ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ከሌላዋ የመረብ ላይ ጨዋታ ጋር ከተስማማ በቂ ነው። ኦሊምፒክ ላይ ግን ሁለቱም የአንድ አገር መሆን አለባቸው። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ ከዓለም ምርጥ ጥንዶች ብዙዎቹ ይበተናሉ፤ ዓመቱን ሙሉ በተቃራኒ ወገን ሲፋለሙ የከረሙ ደግሞ ለጥቂት ቀናት ጎን ለጎን ይቆማሉ።

የ2024ቱን ዓመት ተመልከቱ። ሰኔ ላይ በፓሪስ ሮላንድ ጋሮስ የፈረንሳይ ኦፕንን የሴቶች ጥንድ ዋንጫ ያነሱት አሜሪካዊቷ ኮኮ ጎፍና ቼካዊቷ ካተሪና ሲኒያኮቫ ነበሩ፤ በፍጻሜው የረቱት ጣሊያናውያኑን ሳራ ኤራኒንና ጃስሚን ፓኦሊኒን ነው። ከሁለት ወር በኋላ ኦሊምፒኩ በዚያው በሮላንድ ጋሮስ ሲካሄድ አሸናፊዎቹ አብረው መግባት አልቻሉም፤ ጎፍ ከጄሲካ ፔጉላ፣ ሲኒያኮቫ ከባርቦራ ክሬይቺኮቫ ጋር ተጣመሩ። ተሸናፊዎቹ ግን ሁለቱም ጣሊያናውያን ስለሆኑ እንደነበሩ ቀጠሉ፤ ወርቁም የእነሱ ሆነ። በኔ እይታ የዚህ ውድድር ባሕርይ ከዚህ በላይ የሚታይበት ቦታ የለም፦ ሳይነጣጠል የመጣ ጥንድ ገና ኳስ ሳይመታ አንድ እርምጃ ቀድሟል።

ተቃራኒው ምሳሌ የሪዮ 2016 ነው። ስዊዘርላንዳዊቷ ማርቲና ሂንጊስና ሕንዳዊቷ ሳኒያ ሚርዛ በ2015 ዊምብልደንንና የአሜሪካ ኦፕንን፣ በ2016 መጀመሪያ ደግሞ የአውስትራሊያ ኦፕንን አብረው ወስደዋል። ሪዮ ላይ ተለያዩ። ሚርዛ ከአገሯ ልጅ ጋር ተጫውታ በመጀመሪያው ዙር ወደቀች። ሂንጊስ ደግሞ አብራት ልትጫወት የነበረችው ቤሊንዳ ቤንቺች በጉዳት ቀረችባት፤ በምትኳ ከቲሜያ ባቺንስኪ ጋር ገብታ እስከ ፍጻሜው ደረሰችና ብር አገኘች። ያን ጊዜ የቀረችው ቤንቺችም አላጣችውም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ከቪክቶሪያ ጎሉቢክ ጋር የዚያኑ ውድድር የብር ሜዳሊያ ወስዳለች።

ውድድሩ የተጀመረው መቼ ነው?

በ1920 በአንትወርፕ። ሴቶች በኦሊምፒክ ሜዳ ቴኒስ መጫወት የጀመሩት በ1900 በፓሪስ ነበር፤ እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ኩፐር በነጠላ አሸንፋ በግል ውድድር የመጀመሪያዋ ሴት የኦሊምፒክ ሻምፒዮን የሆነችው ያን ጊዜ ነው። ወንዶች በጥንድ የተጫወቱት ግን ገና በ1896 በአቴንስ ነው። የሴቶቹ ጥንድ በ24 ዓመት ዘግይቶ መጣ።

የመጀመሪያውን ወርቅ እንግሊዛውያኑ ዊኒፍሬድ ማክኔርና ካትሊን ማኬን ወሰዱ። ብሩም ለሌላ የእንግሊዝ ጥንድ ሆነ። ነሐሱን ካገኙት ፈረንሳውያን አንዷ በዘመኑ በነጠላ የሚረታት ያልነበረው ሱዛን ላንግለን ናት። ማኬን በዚያው ኦሊምፒክና በ1924ቱ ተጨማሪ ሜዳሊያዎች ሰብስባ በድምሩ አምስት አደረሰች፤ ይህን ቁጥር ቬነስ ዊሊያምስ ልትስተካከለው የቻለችው በ2016 ነው።

ከ1924 በኋላ እስከ 1988 የት ጠፋ?

ሜዳ ቴኒስ ራሱ ከኦሊምፒክ ወጥቶ ነበር። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴና የሜዳ ቴኒሱ አስተዳዳሪዎች በተለይ “አማተር (ያለ ክፍያ የሚጫወት) ማለት ማን ነው?” በሚለው ላይ ሊስማሙ አልቻሉም። በ1924 በፓሪስ አሜሪካውያኑ ሄዘል ዋይትማንና ሄለን ዊልስ የሴቶች ጥንዱን ካሸነፉ በኋላ በሩ ተዘጋ። በ1968 በሜክሲኮና በ1984 በሎስ አንጀለስ ለማሳያ ብቻ ተካሄደ። በ1988 በሴኡል ወደ ሙሉ የሜዳሊያ ውድድርነት ሲመለስ የኦሊምፒክን በር ለፕሮፌሽናሎች ከከፈቱት ስፖርቶች አንዱ ሆነ።

መመለሻውም ሞቅ ያለ ነበር። አሜሪካውያኑ ፓም ሽራይቨርና ዚና ጋሪሰን የቼኮዝሎቫኪያዎቹን ያና ኖቮትናንና ሄለና ሱኮቫን የረቱት በሦስተኛው ሰት (የጨዋታው ክፍል) 10 ለ 8 ነው። ሽራይቨር በሌላው ጊዜ ከማርቲና ናቭራቲሎቫ ጋር ተጣምራ ዋንጫ የምታነሳ ነበረች። ናቭራቲሎቫ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የረገጠችው በ2004 አቴንስ ላይ፣ በ47 ዓመቷ ነው፤ ከሊሳ ሬይመንድ ጋር እስከ ሩብ ፍጻሜ ሄዳለች።

ስንት ጥንዶች ይሳተፋሉ? እንዴትስ ይመረጣሉ?

32 ጥንዶች ይገባሉ፤ ከአንድ አገር ከሁለት ጥንድ በላይ አይፈቀድም። ወርቅ ለማግኘት አምስት ጨዋታ ማሸነፍ ያስፈልጋል።

ምርጫው የተወሳሰበ ይመስላል እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው። በዓለም የጥንድ ደረጃ እስከ አስረኛ ያለች ተጫዋች በቀጥታ ትገባለች፤ ከአገሯ ልጆችም አጣማሪ ይዛ ትመጣለች። የቀሩት የሁለቱ ደረጃ ተደምሮ ይታያል። የሚያጠብቀው የአትሌቶች ቁጥር ነው። ለፓሪስ 2024 ለሴቶች የተመደበው ቦታ 86 ሲሆን 64ቱ በነጠላ የሚጫወቱ ናቸው። ለጥንድ ብቻ የሚመጡት ጥቂት ናቸው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ከጥንዶቹ ብዙዎቹ ለነጠላ የመጡ ተጫዋቾች የሚያዋቅሯቸው ናቸው፤ ጥንድ ብቻ የሚጫወቱ ባለሙያዎች ይህን አይወዱትም፤ እውነት አላቸው።

አንዷ ብትጎዳ ሌላ መተካት ይቻላል?

ውድድሩ ሳይጀመር ከሆነ በደንቡ መሠረት የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ ከላይ ያየነው የባቺንስኪ ነገር እንዲህ ያለ ነው። ከተጀመረ በኋላ ግን አይቻልም። አንዷ ካቋረጠች ጥንዱ ተሰናበተ፤ ደህና ያለችዋ ብቻዋን መቀጠል አትችልም።

ሜዳው ከነጠላው ይሰፋል?

ርዝመቱ ያው 23.77 ሜትር ነው። ስፋቱ ግን ከ8.23 ወደ 10.97 ሜትር ያድጋል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ጠባብ መስመሮች እያንዳንዳቸው 1.37 ሜትር ይጨምራሉ። ሰርቭ የሚያርፍበት ሳጥን ግን አይለወጥም። ሰፊው ሜዳ ለሁለት ሰው ስለሚካፈል እያንዳንዷ የምትጠብቀው ቦታ ከነጠላው ያነሰ ነው፤ ፍጥነቱ የሚጨምረውም ለዚህ ነው።

ኳሱን ተራ በተራ መምታት አለባቸው?

የለባቸውም። በጠረጴዛ ቴኒስ ጥንድ ተራ መጠበቅ ግዴታ ነው፤ በሜዳ ቴኒስ ግን የተመቻት ትመታለች፤ አንዷ ተከታታይ አምስት ኳስ ብትመታም ችግር የለውም። ተራ የሚጠበቀው በሰርቭና ሰርቭ በመቀበል ነው፦ አራቱ ተጫዋቾች ጌም በጌም (ሰት የሚሠራው ከጌሞች ነው) እየተፈራረቁ ሰርቭ ያደርጋሉ፤ ተቀባዮቹም በግራና በቀኝ የያዙትን ጎን ሰቱ እስኪያልቅ አይቀይሩም። የአጣማሪዋ ምት ወይም ሰርቭ መረብ ላይ ያለችዋን ከነካት ነጥቡ ለተቃራኒ ወገን ነው፤ ወይም ሰርቩ እንደ ስህተት ይቆጠራል።

ነጥቡ እንዴት ይቆጠራል? ሦስተኛው ሰትስ ለምን ያጥራል?

ሁለት ሰት ቀድሞ ያሸነፈ ጨዋታውን ወሰደ። አንድ ሰት ለመውሰድ ስድስት ጌም በሁለት ልዩነት ያስፈልጋል፤ 6 ለ 6 ከሆነ ታይብሬክ የሚባለው በነጥብ የሚቆጠር ማለያያ ይወስነዋል። ከቶኪዮ ጨዋታዎች ጀምሮ አንድ አንድ ሰት ከተካፈሉ ሙሉ ሦስተኛ ሰት አይጫወቱም። በምትኩ እስከ 10 ነጥብ የሚሄድ ሱፐር ታይብሬክ ይመጣል፤ እዚያም ሁለት ነጥብ መብለጥ ግድ ነው።

ምክንያቱ ሰዓት ነው። አንዲት ተጫዋች በነጠላ፣ በጥንድና በድብልቅ ጥንድ (ከወንድ ጋር) በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትገባ ትችላለች፤ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ መርሐ ግብሩ ይጨናነቃል። ይገባኛል። ሆኖም ለመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተመቸ ደንብ ለፍጻሜም መዋሉ አይዋጥልኝም። የፓሪስ 2024 ፍጻሜ የተወሰነው በዚህ መንገድ ነው፦ ኤራኒና ፓኦሊኒ የመጀመሪያውን ሰት 6 ለ 2 ተሸንፈው ሁለተኛውን 6 ለ 1 ወሰዱና ሱፐር ታይብሬኩን 10 ለ 7 ጨረሱት። በሴኡል 10 ለ 8 ያለቀው ሦስተኛ ሰት 18 ጌም ነበረው፤ የፓሪሱ 17 ነጥብ ብቻ። ሁለቱም ወርቅ ነው፤ የሁለቱ ድካም ግን አይመዛዘንም።

በሌላ በኩል ይህ አጭር መንገድ ባይኖር የቶኪዮውን የነሐስ ጨዋታ ባላየነው ነበር። ብራዚላውያኑ ላውራ ፒጎሲና ሉዊሳ ስቴፋኒ በሱፐር ታይብሬኩ 9 ለ 5 እየተመሩ አራት የማሸነፊያ ነጥብ በተቃራኒዎቻቸው እጅ ነበር። ስድስት ተከታታይ ነጥብ ወስደው 11 ለ 9 አሸነፉ። የብራዚል የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳ ቴኒስ ሜዳሊያ ሆነ። ከተሸናፊዎቹ አንዷ የሪዮ ባለ ወርቋ ኤሌና ቬስኒና ነበረች። ሁለቱ ብራዚላውያን ወደ ውድድሩ መግባታቸውን ያወቁት ጨዋታዎቹ ሊጀመሩ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ነው።

መረብ ላይ ያለችው ተጫዋች እጇን ከጀርባዋ አድርጋ ምን ትጠቁማለች?

ሰርቭ ከመደረጉ በፊት ለአጣማሪዋ እቅዷን እየነገረቻት ነው። ሰርቩ ወደየት ይሂድ? ኳሱ ሲመለስ እሷ ቦታዋን ትጠብቃለች ወይስ ወደ ሌላው ጎን ተሻግራ ትጠልፈዋለች? የተጨበጠ እጅ፣ የተዘረጋ መዳፍ፣ አንድ ወይም ሁለት ጣት፤ ትርጉሙን እያንዳንዱ ጥንድ ለራሱ ይስማማበታል። ከጀርባ የሚሆነውም ተቃራኒዎቹ ከመረቡ ማዶ እንዳያዩት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መረብ ላይ ያለችው መሐል መስመሩ ላይ ጎንበስ ብላ ትጠብቃለች። ሰርቭ አድራጊዋም ከመሐል ተጠግታ ትመታለች። ተቀባይዋ የትኛዋ ወደ የትኛው ጎን እንደምትሮጥ ሳታውቅ መምታት ይኖርባታል። ይህ አቋቋም የሚሠራው ሁለቱ በደንብ ከተግባቡ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሳምንት የተገናኙ ጥንዶች ብዙ ጊዜ የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ይሮጡና ግማሹ ሜዳ ባዶ ይቀራል። በቴሌቪዥን ስታዩ ዓይናችሁን ከኳሱ አንስታችሁ መረብ ላይ ያለችውን ተከተሉ። ነጥቡን ያበላሸችው ወይም ያመቻቸችው ብዙ ጊዜ ኳሱን ያልነካችው ናት።

ጠንካራ ሰርቭ የሌላት ተጫዋች በጥንድ ታሸንፋለች?

ታሸንፋለች፤ ኤራኒ ማስረጃ ናት። ሰርቧ ከዓለም አዝጋሚዎቹ አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ከወገብ በታች አድርጋ ትጀምራለች። ግን ኳስ ታነባለች፤ ከተቃራኒዎቿ ራስ በላይ የምታሳልፈው ሎብ የሚያርፍበትን ታውቃለች፤ የፓሪሱ የሸክላ ሜዳም ኳሱን ስለሚያዘገይ ረድቷታል። በ37 ዓመቷ ወርቅ ስታጠልቅ በፍጻሜው በተቃራኒ ወገን የቆመችው ሚራ አንድሬቫ 17 ዓመቷ ነበር።

ሴሬናና ቬነስ ዊሊያምስ ስንት ጊዜ አሸነፉ?

ሦስት ጊዜ፦ በ2000 ሲድኒ፣ በ2008 ቤጂንግ፣ በ2012 ለንደን። በሲድኒው ፍጻሜ የኔዘርላንድን ጥንድ 6 ለ 1፣ 6 ለ 1 ነው ያሰናበቱት። በቤጂንጉ ስፔናውያኑን 6 ለ 2፣ 6 ለ 0። የለንደኑ ጨዋታ የተካሄደው በዊምብልደን የሣር ሜዳ ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት በዚያው ስፍራ የዊምብልደንን የጥንድ ዋንጫ ሲያነሱ ያሸነፏቸው ቼካውያን አንድሬያ ህላቫችኮቫና ሉሲ ህራዴትስካ በኦሊምፒኩም ፍጻሜ ገጠሟቸው፤ ውጤቱ አልተለወጠም፦ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4።

የአገር ደንቡ ለእነሱ ሸክም አልነበረም። ሌላው አጣማሪ ሲፈልግ እነሱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ሜዳ ላይ ያደጉ እህትማማች ናቸው። አብረው የተጫወቷቸውን 15 የኦሊምፒክ ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፈው ሪዮ ገቡ፤ በመጀመሪያው ዙር ግን በቼካውያኑ ሉሲ ሻፋርዞቫና ባርቦራ ስትሪቶቫ 6 ለ 3፣ 6 ለ 4 ተረቱ። ሻፋርዞቫና ስትሪቶቫ ነሐሱን ይዘው ተመለሱ።

ሲድኒና ቤጂንግ መሐል ያለው የአቴንስ 2004ስ? ሴሬና በጉልበት ጉዳት ቀረች። ቬነስ ከቻንዳ ሩቢን ጋር ገብታ በመጀመሪያው ዙር በቻይናውያኑ ሊ ቲንግና ሱን ቲያንቲያን ተሸነፈች። እነዚያ ቻይናውያን ውድድሩ ሲጀመር በጥንካሬ ቅደም ተከተል ስምንተኛ ሆነው ተመድበው ወርቁን ወሰዱት፤ ለቻይና በሜዳ ቴኒስ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ዠንግ ጂየና ያን ዚ የአውስትራሊያ ኦፕንንና ዊምብልደንን በጥንድ ሲያሸንፉ፣ ቻይና ኃይሏን መጀመሪያ በሴቶች ጥንድ ላይ ማፍሰሷ ትክክል እንደነበር ታየ።

ጂጂ ፈርናንዴዝና ሜሪ ጆ ፈርናንዴዝ እህትማማች ናቸው?

አይደሉም፤ ዝምድናም የላቸውም። ጂጂ የተወለደችው በፖርቶ ሪኮ፣ ሜሪ ጆ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። ለአሜሪካ ተጫውተው በ1992 ባርሴሎናና በ1996 አትላንታ በተከታታይ ወርቅ ወስደዋል። የባርሴሎናው ፍጻሜ የተካሄደው ከባለሜዳዎቹ ኮንቺታ ማርቲኔዝና አራንቻ ሳንቼዝ ቪካሪዮ ጋር ነበር። ማርቲኔዝ በዚህ ውድድር በ1992፣ በ1996 እና በ2004 ሦስት ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ወርቅ ግን አልቀናትም።

በአገር ደረጃ ማን ይመራል?

አሜሪካ፣ ያለ ተፎካካሪ። ከ1920 እስከ 2024 ከተካሄዱት 12 ውድድሮች ሰባቱን አሸንፋለች። የቀሩትን አምስት ብሪታንያ፣ ቻይና፣ ሩሲያ፣ ቼክና ጣሊያን አንድ አንድ ተካፍለዋል። ከለንደን ወዲህ ግን አሜሪካ በዚህ ውድድር ወርቅ አላየችም።

በአንዳንድ ዓመት ነሐስ ለሁለት ጥንድ የተሰጠው ለምንድን ነው?

በ1988 እና በ1992 በግማሽ ፍጻሜ የወደቁት ሁለቱም ጥንዶች ያለ ተጨማሪ ጨዋታ ነሐስ ተሰጣቸው። ከአትላንታ ወዲህ ግን ለነሐሱ ይጫወታሉ። ከሌሎች የሜዳ ቴኒስ ውድድሮች የሚለየውም ይኸው ነው፤ ዊምብልደን ላይ ግማሽ ፍጻሜ የተሸነፈ ሻንጣውን ይሸክፋል፤ እዚህ ግን ከሽንፈቱ ማግሥት ተነስቶ ሜዳሊያ ወይም ባዶ እጅ ለመመለስ ይፋለማል።

አሸናፊዎቹ ገንዘብና የደረጃ ነጥብ ያገኛሉ?

ከአዘጋጆቹ የሽልማት ገንዘብ የለም። አንዳንድ መንግሥታትና የኦሊምፒክ ኮሚቴዎች ለአትሌቶቻቸው ጉርሻ ይሰጣሉ፤ መጠኑ በየአገሩ ይለያያል። የዓለም ደረጃ ነጥብ በለንደን 2012 ይሰጥ ነበር፤ ከሪዮ 2016 ጀምሮ ግን ቀርቷል።

“ጎልደን ስላም” ሲባል ምን ማለት ነው?

አራቱን ግራንድ ስላሞችና የኦሊምፒክ ወርቅን በአንድ የውድድር ዓይነት ማሟላት ነው። በሴቶች ጥንድ በሕይወት ዘመናቸው ካሟሉት መካከል ፓም ሽራይቨር፣ ጂጂ ፈርናንዴዝ፣ የዊሊያምስ እህትማማቾች፣ ክሬይቺኮቫና ሲኒያኮቫ ይገኛሉ። ኤራኒም ተጨምራለች፤ አራቱን ግራንድ ስላሞች ከሮቤርታ ቪንቺ ጋር የጨረሰችው በ2014 ስለነበር የጎደላትን ወርቅ አሥር ዓመት ጠብቃለች።

በፓሪስ ብር ያገኙት ጥንድ ባንዲራ ያልነበራቸው ለምንድን ነው?

አንድሬቫና ዲያና ሽናይደር ሩሲያውያን ናቸው። በዩክሬኑ ጦርነት ምክንያት የሩሲያና የቤላሩስ አትሌቶች የገቡት እንደ ገለልተኛ ግለሰቦች ነበር፤ ያለ ባንዲራና ያለ ብሔራዊ መዝሙር። ገለልተኛ ተብለውም ቢሆን የአንድ አገር ሰዎች ስለነበሩ ነው አብረው የተጣመሩት፤ ሜዳሊያቸው ግን በሩሲያ ስም አልተመዘገበም።